ታድፖሎቹን ማን በላቸው? የአንድ የጓሮ ኩሬ ጉዳይ

በ33ኛው ቀን ጠዋት ኩሬው ዳር ተንበርክኬ ለ10 ደቂቃ ቆጠርኩ። ጥቁሮቹ የጉርጥ ታድፖሎች፣ ማለትም ገና ጭራ ብቻ ያላቸው ልጆች፣ እንደወትሮው አንድ ላይ ተሰብስበው ይርመሰመሳሉ። ቡናማዎቹ የእንቁራሪት ልጆች ግን የሉም። አንዲትም የለችም። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚያው ቦታ ላይ ከብዛታቸው የተነሳ ቆጠራው እየተምታታብኝ ደጋግሜ ከአንድ ጀምሬ ነበር።

ጎረቤታችን ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። «ነግሬህ ነበር ልጄ» አሉኝ። «ያ እባብ ጨረሳቸው። ዛሬ እነሱን በላ፣ ነገ ደግሞ ልጅህን ይነድፋታል።» ባለቤቴም ከእሳቸው ጋር ነበረች። እባቡን ሁለቱም በዓይናቸው አይተውታል። ኩሬው ውስጥ ሲዋኝ ነው ያዩት። ዱላው ተዘጋጅቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

እኔም በልቤ እባቡን ጠርጥሬ ነበር። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዝኩት ደብተር ስለነበረኝ አንድ ማታ ብቻ ስጡኝ አልኳቸው። ሁሉንም ገጽ ከፊት እስከ ኋላ አነበብኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያ ደብተር የነገረኝን ነው።

ኩሬው

ጸደይ የምለው ቅዝቃዜው ለቆ፣ ቀኑ እየረዘመ የሚሄድበትን ወቅት ነው። ኩሬውን የቆፈርኩት ይህ ታሪክ ከሆነበት ጸደይ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብዬ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ነው። ጥልቁ ቦታ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንዱን ጎኑን ቀስ እያለ እንዲወርድ አድርጌ ጠጠርና ድንጋይ ደረደርኩበት። ይህ ተዳፋት የግድ ነው። ትንሿ እንቁራሪት እግር አውጥታ በሳንባ መተንፈስ ስትጀምር መውጫ ካጣች ደክማ ትሰምጣለች።

ከኩሬው 2 ሜትር ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ገንዳ አለ። ዝናብ ይሞላዋል። ጥቂት የውሃ ተክል ጣል አድርጌበታለሁ። ያኔ ለዓይን ቦታ እንዳይከፋ ብዬ ነው እንጂ ለምንም አላሰብኩትም። ኋላ ላይ የጉዳዩ ዋና ምስክር የሆነው እሱ ነው።

እንስሳቱን ከየትም አላመጣኋቸውም። አንድ ወዳጄ ከራሱ ኩሬ በባልዲ የእንቁራሪት እንቁላል ላምጣልህ ብሎኝ እምቢ አልኩት። ቅር ብሎታል። ምክንያቴ ግን በቂ ነበር። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። የእንቁራሪትን ቆዳ ነው የሚያጠቃው። እንቁራሪት በቆዳዋ ውሃ ትጠጣለች፣ በከፊልም ትተነፍሳለች፣ የሰውነቷንም ጨው የምትቆጣጠረው በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ሲበላሽ ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዚህ በሽታ ምክንያት ቢያንስ 501 የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች እንደተመናመኑ፣ ከነሱም 90ዎቹ ጨርሰው እንደጠፉ እንደሚገመት አስፍሯል። ፈንገሱ ከኩሬ ወደ ኩሬ በውሃ፣ በጭቃ፣ በእርጥብ ጫማ ሳይቀር ይዛመታል። ስለዚህ ውሃውን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። በመጀመሪያው ጸደይ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው መጡ።

ሌሊቱ

«ቀን 1» ብዬ የመዘገብኩት የመጀመሪያው እንቁላል የታየበትን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እዚያው ተዳፋት ጥግ ላይ 10 ደቂቃ እቆጥራለሁ። የውሃውን ሙቀት እዚያው እለካለሁ። ማታ ደግሞ በባትሪ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። የባትሪውን መስታወት ቀይ ፕላስቲክ አልብሼዋለሁ። በነጭ ብርሃን ሲደነግጡ አይቼ ነው።

ያን ግማሽ ሰዓት በምንም አልለውጠውም። ወንዶቹ እንቁራሪቶች ቀድመው ይመጣሉ። ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ይንቋረራሉ። ከሩቅ ሲሰማ የሞተር ድምፅ ይመስላል። ሴቷ ስትመጣ ወንዱ ከኋላዋ ብብቷ ሥር ያቅፋታል። በጸደይ በአውራ ጣቱ ላይ ሻካራ ጥቁር ንጣፍ ያወጣል፤ የሚያዳልጠውን ቆዳዋን አጥብቆ እንዲይዝበት ነው። አንዳንዴ ተሳስተው አንዱ ወንድ ሌላውን ያቅፋል። የታቀፈው «ልቀቀኝ» የሚል የሚመስል አጭር ድምፅ ያወጣል፣ ያኛውም ይለቀዋል።

እንቁላሉ ሲወጣ ጡጫ የሚያህል ትንሽ ክምር ነው። ዙሪያው ያለው ዝልግልግ ሽፋን ውሃ መጥጦ ያብጣል። በነጋታው ሁለት እጅ የሚሞላ ክምር ሆኖ ታገኙታላችሁ። በአንድ ክምር ከ1000 በላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ጥቁሯ ነጥብ የፀሐይን ሙቀት ትስባለች፣ ዝልግልጉ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ስለዚህ የክምሩ መሀል ከአካባቢው ውሃ ሞቅ ይላል። እስከ 9ኛው ቀን ድረስ 6 ክምር ኩሬው ውስጥ፣ 1 ክምር ደግሞ ገንዳው ውስጥ ተጣለ።

ጉርጦቹ በ13ኛው ቀን ገቡ። ጉርጥ እንደ እንቁራሪት ብዙ አትዘልም፣ ትራመዳለች። ቆዳዋ ደረቅና ጎርባጣ ነው። እንቁላሏም በክምር አይደለም። እንደ ዶቃ የተደረደረ ረጅም ክር ነው፤ በውሃ ተክሉ ግንድ ላይ እየተጠማዘዘ ይጠመጠማል።

ሦስተኛው እንግዳ ኒውት የሚባለው ትንሽ ሳላማንደር ነው፤ እንሽላሊት ይመስላል እንጂ የእንቁራሪት ዘመድ ነው። ሴቷ ትዕግሥት አላት። አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ከዚያም በኋለኛ እግሮቿ የውሃ ተክሉን ቅጠል አጥፋ ትሸፍናታለች። ወደ ሌላ ቅጠል ትሄዳለች። ደግሞ አንዲት። አንዷን 20 ደቂቃ ሙሉ ሳያት ሦስት ቅጠል አጠፈች። ኒውቶች ገንዳውም ኩሬውም ውስጥ ነበሩ። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

በአንደኛው ክምር ላይ ጥቂት እንቁላሎች ነጡ። ልጄ «አባዬ፣ ታመሙ፤ እናውጣቸው» አለችኝ። አላወጣናቸውም። ያልዳበረ ወይም ውርጭ የመታው እንቁላል ይነጣል፣ ሻጋታም ይወረዋል። ውሃው ላይ ወጥቶ የቀረው የክምሩ ጫፍ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሆናል። የተቀረው ደህና ነበር።

በ15ኛው ቀን መፈልፈል ጀመሩ። እግር የሌላት፣ ጭራ ብቻ ያላት የእንቁራሪት ልጅ ታድፖል ትባላለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባዶው ዝልግልግ ላይ ተጣብቃ ትውላለች። አንገቷ ግራና ቀኝ ውሃ ውስጥ የምትተነፍስበት ላባ የመሰለ ስንጥብ ይታያል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ጥቁር ናት። ስታድግ ቡናማ ትሆንና የነሐስ ፍንጥቅጣቂ ታወጣለች። የጉርጥ ልጅ ግን ጥቁር ሆና ትቀጥላለች። የዓይነቶቹን ልዩነት የማውቀው በዚህ ነው።

በ18ኛው ቀን ደብተሬ ላይ «ከ200 በላይ፣ መቁጠር አልተቻለም» ብያለሁ።

ክሱ

ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። በ22ኛው ቀን 90። በ25ኛው 40። መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ታድፖል እያደገች ስትሄድ ትበታተናለች፣ ጥልቁን ቦታም ትለምዳለች። ደግሞም አንዲት እንቁራሪት ያን ሁሉ እንቁላል የምትጥለው አብዛኛው ስለሚበላ ነው። ነገር ግን በ27ኛው ቀን 22 ብቻ ቆጠርኩ። የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ ባለቤቴ ጮኸች።

እባቡ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አረንጓዴ ቀመስ ግራጫ ነበር። አንገቱ ላይ ቢጫ ቀለበት አለው። ጭንቅላቱን ከውሃ ቀና አድርጎ፣ ሰውነቱን እያጥመለመለ ኩሬውን አቋርጦ ሄደ። ያለ ኮሽታ ነው የሚሄደው። ከሩቅ ፎቶ አነሳሁትና ገበሎ አስተኔዎችን ለሚያውቅ ወዳጄ ላክሁለት። የሣር እባብ ነው፣ መርዝ የለውም አለኝ። ሲያስፈራሩት የሚሸት ፈሳሽ ይለቃል፤ ከባሰበትም አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ የሞተ መስሎ በጀርባው ይተኛል። (እባብን በመልክ ብቻ «ይሄማ መርዝ የለውም» ብሎ መቅረብ አደገኛ ነው። ያለሁበት ርቀት 5 ሜትር ነበር፣ ያወቀውም ሙያው የሆነ ሰው ነው።)

ይህንን ለቤተሰቡ ነገርኳቸው። መርዝ የለውም የሚለው ባለቤቴን ትንሽ አረጋጋት። ታድፖሎቹን አልበላም የሚለውን ግን ማንም አልተቀበለም። በእርግጥ እኔም በዚያን ጊዜ አልበላም ማለት አልቻልኩም። በ30ኛው ቀን 6 ቆጠርኩ። በ33ኛው ዜሮ።

ደብተሩ

ያን ማታ መጀመሪያ ያደረግኩት ቁጥሮቹን ከቀኖቹ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። እባቡ የታየው በ27ኛው ቀን ነው። ታድፖሎቹ መቀነስ የጀመሩት ግን ከ22ኛው ቀን በፊት ነው። እባቡ ሲመጣ ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ከዓይን ጠፍተው ነበር። ሳይታይ ቀድሞ መጥቶ ከሆነስ? ይቻላል። ስለዚህ ይህ ብቻውን ነፃ አያወጣውም።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ከበደኝ። ትልቅ የሣር እባብ በዋናነት የሚያድነው ያደጉ እንቁራሪቶችንና ጉርጦችን ነው። አልፎ አልፎ ታድፖልም ሊውጥ ይችላል። ግን እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከፀሐይ ስለሚያገኝ፣ በክብደት ከሚመስለው አጥቢ እንስሳ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው በጣም ጥቂት ነው። አንድ እንቁራሪት ከዋጠ ለቀናት ይበቃዋል። በሁለት ሳምንት ስድስት ክምር ሙሉ ታድፖል አንድ በአንድ ለቅሞ ይጨርሳል ማለት አልዋጥልህ አለኝ።

ሦስተኛው፣ የጉርጥ ልጆች ለምን ተረፉ? የጉርጥ ልጅ ቆዳ ውስጥ መራራ መርዝ አለ። ይህ መርዝ ብዙ በሊታዎችን ያባርራል። የሣር እባብ ግን ጉርጥ የሚበላ እንስሳ ነው። ጥቁሮቹን ትቶ ቡናማዎቹን ብቻ የመረጠው በሊታ አፉ ከጉርጥ መርዝ ጋር የማይስማማ መሆን አለበት።

ይህን ስል ኒውት ትዝ አለኝ። ኒውት የእንቁራሪት ታድፖል በጣም ይወዳል። የጉርጥ ልጅ ግን ብዙም አይስማማውም። ለአንድ ሰዓት ያህል ጥፋተኛው ኒውት ነው ብዬ አምኜ ነበር። በባትሪ ወጥቼ ገንዳውን እስካይ ድረስ። ገንዳው ውስጥ ቡናማዎቹ ታድፖሎች ሞልተዋል። ከነሱ መሀል ሁለት ኒውቶች ተጋድመዋል። ኒውት ባለበት ገንዳ ታድፖሎቹ ከተረፉ፣ ኒውት ባለበት ኩሬ ለምን አለቁ? ኩሬው ውስጥ ያለ፣ ገንዳው ውስጥ የሌለ ነገር ምንድን ነው?

መልሱ ደብተሩ ውስጥ ነበር። የጻፍኩት እኔ ግን አይደለሁም። በ20ኛው ቀን ገጽ ኅዳግ ላይ ልጄ በብርቱካናማ እርሳስ ሦስት ዓሣዎች ሥላለች።

ዓሣዎቹ የመጡት ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው። የአንድ ጎረቤት ልጅ ከቤቱ የዓሣ ገንዳ ጎልድፊሽ የሚባሉ አራት ትንንሽ ብርቱካናማ የጌጥ ዓሣዎች በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ኩሬዎ ባዶ ስለሆነ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አስገባኋቸው። ብርዱ ሲመጣ ጥልቁ ቦታ ታች ወረዱና ከዓይኔም ከሐሳቤም ወጡ። የኩሬውን እንስሳት በሙሉ ስመዘግብ እነሱን አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኳቸውም። እንደ ጌጥ ነበር የቆጠርኳቸው። ልጄ ግን ያየችውን ሁሉ ሥላለች።

በዚያው በ20ኛው ቀን የውሃው ሙቀት ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ዲግሪ ደርሷል። ጎልድፊሽ ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እምብዛም አይበላም። ሲሞቅ ይነቃል፣ ይርበዋል። እንቁላሉ በቅዝቃዜ ወቅት በሰላም የቆየው፣ ታድፖሎቹ በዋኙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለቁት ለዚህ ነው።

በነጋታው ቀትር ላይ ዝም ብዬ ኩሬው ዳር ተቀመጥኩ። ከ40 ደቂቃ በኋላ አንዱ ዓሣ ወደ ጥቁሮቹ መንጋ ተጠጋ። አፉን ከፍቶ አንዷን ሳባት። ወዲያው ተፋት። ታድፖሏ በሕይወት ነበረች፣ ጭራዋን አወዛውዛ ሄደች። ዓሣው ሌላ ሞከረ። እሷንም ተፋ። ጋሼን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ሦስተኛዋን ሲተፋ ራሳቸው አዩ። ምንም አልተናገሩም። ሲሄዱ ዱላውን ይዘውት ሄዱ።

በኋላ አንድ ሰው ጥቂት ቡናማ ታድፖሎች ከገንዳው አምጥተህ ብትፈትነው ኖሮ ማስረጃው ይጠነክር ነበር አለኝ። ልክ ነው። ግን አላደረግኩትም፣ አሁንም አላደርገውም። ገንዳው ትንሽና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ በፍጥነት መሞቁ ለታድፖሎቹ ጠቅሟቸው ሊሆን እንደሚችልም አውቃለሁ። ቢሆንም ቀኖቹ፣ ገንዳውና የዓሣው አፍ ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ።

ከዚያ በኋላ

ዓሣዎቹን ማውጣት ካሰብኩት በላይ አስቸገረ። በ36ኛው ቀን ግማሹን ውሃ በባልዲ ቀድቼ በርሜል ውስጥ አስቀመጥኩና በመረብ ያዝኳቸው። ሦስቱ ተገኙ። አራተኛው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ስምንት ቀን አስፈለገኝ። ወንዝ ውስጥ ልቀቃቸው ያለኝ ሰው ነበር። ጎልድፊሽ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ሲለቀቅ ይባዛል፣ ይገዝፋል፣ የእኔን ኩሬ ያደረገውን እዚያም ያደርጋል። ወደ መጡበት የቤት ውስጥ ገንዳ መለስኳቸው። ልጁ እንዳይከፋው ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ስጦታ ነው ያመጣው።

የመጨረሻው ዓሣ ከወጣ በኋላ ከገንዳው ታድፖሎች ግማሽ ያህሉን በኩባያ ወደ ኩሬው አዛወርኩ። ገንዳውና ኩሬው አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ዝናብ የሚሞሉ ስለሆኑ በሽታ ይዛመታል የሚል ስጋት አልነበረኝም። እጄን በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጥቤ፣ እርጥብ እንዳለ ነው የነካሁት። የሳሙናና የቅባት ቅሪት ለነሱ ቆዳ መርዝ ነው።

የኋላ እግር ቀድሞ ወጣ። የፊቱ ተከተለ። (በኒውት ልጆች ተቃራኒው ነው፤ የፊቱ ይቀድማል። ላባ የመሰለው ስንጥባቸውም ውጭ እንዳለ ይቆያል።) ጭራው እየሟሸሸ ሄደ። በ96ኛው ቀን ማታ ዝናብ ጣለ። ጥፍር የሚያካክሉ እንቁራሪቶች በተዳፋቱ ወጥተው ሣሩ ውስጥ ገቡ። 31 ቆጠርኩ። ለሁለት ሳምንት ሣር አላጨድንም።

በቀጣዩ ጸደይ 9 ክምር እንቁላል ተጣለ። ደብተሩን በዚህ ጊዜ ልጄ ናት የያዘችው። የምትጽፍበትን አምድ ራሷ አሰመረች። «የታየ ሁሉ» የሚል አንድ አምድ ጨመረችበት።

እባቡ ተመለሰ። ወይም እሱን የመሰለ ሌላ ነው፤ ቢጫው ቀለበት ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ከብስባሽ ክምሩ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃል። የሣር እባብ እንቁላሉን እንደዚያ ያለ ሞቃት ብስባሽ ውስጥ ስለሚጥል ክምሩን መገልበጥ ትተናል። ባለቤቴ አሁንም አትቀርበውም። ግን ስታየው አትጮህም፣ ልጄን «ጻፊው» ትላታለች።

አንድ ቀን ልጄና እኔ እያየን አንዲት ትልቅ እንቁራሪት ያዘ። ከኋላ እግሯ ጀምሮ፣ በቁሟ ነው የዋጣት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እንቁራሪቷ መጀመሪያ ላይ ጮኸች። ልጄ እጄን አጥብቃ ይዛ አለቀሰች። እንሂድ ብላት እምቢ አለች። ሲያበቃ ዓይኗን ጠርጋ ደብተሩን ከፈተች። ገጹ ዛሬም አለ፦

«ቀን 29። ውሃ 14 ዲግሪ። ኒውት 3። እንሽላሊት ድንጋዩ ላይ 1። እባብ 1፣ አንድ ትልቅ እንቁራሪት በላ። ታድፖል፦ መቁጠር አልተቻለም።»